እጃችንን ሥራ ያስፈታው ማነው?



ዛሬ የምናወራው ስለ ሳጥን ነው። አትደንግጡ፣ የምርጫ ሳጥን አይደለም። የሬሳ ሳጥንም አይደለም። ስለ ሁለቱም የሚያወራ ሰው ሞልቷል። እኛ የያዝነው የሚመታውን ሳጥን ነው፤ ሰው ላዩ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ፊቱን በመዳፉ እየመታ፣ ክራርና ማሲንቆ የሚያጅብበትን ባዶ የእንጨት ሳጥን።

ከወዲሁ “ሥራ ፈቶች!” የሚል ድምፅ ይሰማናል። ይሁን፣ አንቀየምም። እንዲያውም ስለ ሥራ መፍታት የምንለው ብዙ ስላለን ከዚያው እንጀምር።

“እኛ” የምንለው ሞላሌ ተወልደን ያደግን፣ ለትምህርት ከመንዝ ደጋ የወረድን፣ አሁን አዲስ አበባ አንዲት ክፍል ለሦስት ተከራይተን የምንኖር የእህትማማች ልጆች ነን። ከሦስታችን አንዷ ጋዜጠኝነት ተመርቃለችና እስክሪብቶው እሷ እጅ ነው። ጠቡ ግን የሦስታችንም ነው።

ነገሩ ሰርግ ላይ ጀመረ

ጥር 2015 ዓ.ም.፣ ሞላሌ። የአጎታችን ልጅ ልታገባ ነው። ዳሱ ተጥሏል፣ ጠላው ደርሷል፣ በጉ ታርዷል (የመንዝ በግ ምስክር አያሻውም)። ታላቋ አክስታችን፣ ሠፈሩ ሁሉ “እትዬ” የሚላቸው፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ የሰርግ ከበሮ የመቱ ሴት ናቸው። እኛን አንቀልባ ላይ ሆነን ያስተኛን የእናቶቻችን እሹሩሩ ነው፣ ጭፈራ ላይ የቀሰቀሰን ደግሞ የእትዬ ከበሮ ነው። የዚያን ዕለትም እንደ ልማዳቸው የብርዱ እርጥበት ያላላው ቆዳ እንዲወጠር ከበሮውን ከጧቱ ፀሐይ ላይ አስቀመጡት።

ከቀትር በኋላ አንድ መኪና መጣ። ሁለት ሞንታርቦ፣ አንድ ኦርጋን፣ አንድ ጀኔሬተርና አንድ ጎረምሳ አወረደ። ጎረምሳው ገመዱን ሰካክቶ አንዲት ቁልፍ ተጫነ። ችክችካው ራሱን በራሱ መምታት ጀመረ! ዳሱ ተናወጠ። ሰው ሁሉ “እሰይ!” አለ። እኛም ብለናል፤ አንዋሽም።

እትዬ ከበሯቸውን አንግተው ወደ ጎረምሳው ቀረብ አሉ። ጎረምሳው በትሕትና፣ እጅ ነስቶ ነው የተናገረው፦ “ማዘር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሪትሙን ይረብሽብኛል።”

እትዬ ተመልሰው ከሴቶቹ ጋር ቁጭ አሉ። “ምነው እትዬ?” ብንላቸው፣ ከበሮውን ከጉልበታቸው አውርደው “ምን ላድርግ ልጆቼ፣ እጄ ሥራ ፈታ” አሉን። ሳቁ። እኛ ግን ሳቁ አልመጣልንም።

ማታ ሦስት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ጀኔሬተሩ ተነሣ፣ ትንሽ ቆይቶ እሱም ቤንዚኑን ጨርሶ አጓርቶ ዝም አለ። ኦርጋኑ በዘፈኑ መሃል ተቆረጠ። አሁን የምንነግራችሁን ልብ በሉ። ሁለት መቶ የሚሆን የሞላሌ ሰው፣ እናቱም አባቱም በጭብጨባና በእልልታ የተዳሩ ሰው፣ በጨለማው ውስጥ ቆሞ ቤንዚን ይጠብቅ ጀመር! “አጨብጭቡ” የሚል እንኳ ጠፋ። ስልኩን እያበራ እርስ በርሱ ይተያያል።

ያዳነን አንድ የአሥር ዓመት ልጅ ነው። ቤንዚን ሊገዛበት የተሰጠውን ባዶ ቢጫ ጀሪካን ጭኑ ላይ ገልብጦ “ዱም!” አደረገው። ሰው ዞሮ አየው። ደገመው። ከዚያ እትዬ ተነሡ። ከበሮው ከዳሱ ጥግ ወጣ። ቤንዚኑ መጣ፣ ጀኔሬተሩም ተነሣ፤ ጎረምሳው ግን ኦርጋኑን መልሶ ለማብራት ሰው የሚሰማው አላገኘም። ሌሊቱ በጀሪካንና በከበሮ ነጋ።

የተወሰደብን ድምፅ አይደለም

ከዚያ ሌሊት ጀምሮ አንድ ክርክር ይዘናል። ይኸው ዛሬ አደባባይ እናወጣዋለን፦ ኦርጋኑ የወሰደብን ድምፃችንን አይደለም፤ እጃችንን ነው።

ድምፅማ ሞልቷል! ታክሲው ውስጥ አለ፣ ሱቁ ደጃፍ አለ፣ ስልካችን ውስጥ ሺህ ዘፈን ተሸክመን እንዞራለን። የጠፋው የሚመታው ሰው ነው። ድሮ በአንድ ሰርግ ላይ አንዱ ይመታል፣ አንዷ ታወጣለች፣ ሌላው ይቀበላል፣ ማንም ያልቻለ ያጨበጭባል። ባዶ እጁን የሚቀመጥ ሰው አልነበረም። አሁን አንድ ሰው ቁልፍ ይጫናል፣ ሁለት መቶ ሰው ይሰማል። ከአድራጊነት ወደ ታዳሚነት ወርደናል። ስንወርድም ከፍለን ነው!

ይህ ከሰማይ የወረደ ነገር አይደለም። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊው የከተማውን ምሽት ሲዘጋው የባንድ ሙዚቃ ተመታ። በኋላ ደግሞ ኦርጋን መጥቶ ከበሮውንም፣ ቤዙንም፣ ነፋሱንም በአንድ ሰው ጣት ሥር አጠቃለለው። ብዙ ካሴት በዚያ መንገድ ተሠርቷል፤ ርካሽ ነበር፣ ቀላል ነበር፣ ብዙ ድምፃዊም እንጀራ በልቶበታል። በመድረክ ላይ ኦርጋን ይኑር፣ አንከለክልም። የእኛ ጥያቄ ቤት ውስጥ ነው። ለአሥር ሰው የልደት ቡና፣ ለመልስ፣ ለአራት ጓደኛ የእሑድ ከሰዓት ሞንታርቦ ምን ይሠራል? ቤቱን ከሞላ በኋላ ሰዎቹ ምን ያድርጉ?

እኛ ወደ አዲስ አበባ እንደተመለስን ቃል ገባን፤ በኛ ክፍል ውስጥ ሙዚቃ በእጅ ይሆናል። አንዳችን ክራር ትነካካለች፣ አንዳችን ድምፅ አላት፣ ሦስተኛዋ (ጸሐፊዋ) ሁለቱንም የላትም፤ መምታት ለሷ ቀረ። ታዲያ ምን ትምታ? ሳጥኑ የመጣው በዚህ ነው።

“ሳጥን ደግሞ መሣሪያ ነው?”

የመጀመሪያው ተቃውሞ ይኸው ነው። የመጣውም ከገዛ ጓደኞቻችን ነው። መልሳችን፦ ማሲንቆ ምንድን ነው? አራት ማዕዘን እንጨት፣ ፊቱ ቆዳ፣ ከላዩ አንድ የፈረስ ጭራ ጅማት። ሳጥን ነው! በገና ምንድን ነው? ቆዳ የለበሰ ትልቅ ሳጥን፣ ከላዩ አሥር አውታር። አባቶቻችን ሳጥን ሲያናግሩ ኖረዋል፤ እኛ ዛሬ አውታሩን አውልቀን ሳጥኑን ብቻ መታነው እንጂ የፈጠርነው ነገር የለም።

በዓለም ላይ ደግሞ ይህ መሣሪያ ስምም ታሪክም አለው። ስሙ ካሆን ይባላል። ስፓኒሽ ነው፤ ትርጉሙ በቀጥታ “ሳጥን” ማለት ነው። የተወለደው በፔሩ የባሕር ዳርቻ፣ ከአፍሪካ በግዞት ተወስደው በባርነት ሲሠሩ በነበሩ ሰዎች እጅ ነው። የገዛ ከበሯቸውን መምታት ተከልክለው ስለነበር የዕቃ መጫኛ ሳጥን ገልብጠው መቱ ይባላል። በኩባም እንዲሁ የዓሣ መጫኛ ሳጥንና የሻማ ሳጥን የሩምባ ከበሮ ሆነዋል። አስቡት እስቲ! ሰው አገሩን፣ ስሙን፣ ከበሮውን ተቀምቶ፣ የጌታውን ዕቃ መጫኛ ሳጥን ከበሮ አደረገው።

ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ስፔናዊው የጊታር ሊቅ ፓኮ ዴ ሉሲያ ሊማ ሄዶ ሳጥኑን ሰማ፤ አንዱን ይዞ ተመለሰ። የቡድኑ ብራዚላዊ መቺ ሩቤም ዳንታስ መታው። ዛሬ ብዙ ሰው ካሆንን የፍላሜንኮ የጥንት መሣሪያ ይመስለዋል፤ እዚያ ከገባ ግን ገና ሃምሳ ዓመት እንኳ አልሞላውም። ፔሩ በበኩሏ እ.ኤ.አ. በ2001 የብሔራዊ ባህሏ ቅርስ ብላ አወጀችው። የባሪያ ሳጥን የአገር ቅርስ ሆነ! እኛ ጋ ደግሞ “ሳጥን መደብደብ የልጅ ሥራ ነው” ይባላል። ልክ ነው፤ ሰርጋችንን ያዳነውም ልጅ ነው።

“የባዕድ ነገር ነው”

ሁለተኛው ተቃውሞ ከባህል ጠባቂዎች የመጣ ነው። “ከበሮ እያለ የፔሩ ሳጥን?” ይሉናል። ይህን የሚሉን ሰርጋቸውን በኦርጋን የደገሱ ሰዎች ናቸው! ኦርጋኑ ከየት መጣ? ከጌራ ምድር ነው? ሞንታርቦ የሚለው ስም ከላሎ ነው ከማማ? የጣሊያን ፋብሪካ ስም መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? ሁለት መቶ ሰው የሚያስቀምጠው ባዕድ ባህል ተብሎ ሲገባ፣ ሁለት መቶ ሰው የሚያስጨበጭበው ባዕድ ለምን በር ላይ ይመረመራል?

ደግሞስ የኛ ሰው መቼ ነው መሣሪያ መርጦ የሚያውቀው? ለቡሄ ወንዶቹ ሆያ ሆዬ ሲሉ ዱላቸውን መሬት ላይ ይመታሉ፤ ከበሯቸው መሬቱ ነው። ለእንቁጣጣሽ ልጃገረዶች አበባየሆሽ ሲዞሩ ከበሮ ያገኙ በከበሮ፣ ያላገኙ በጀሪካን፣ ጀሪካንም ያጡ በጭብጨባ ይሄዳሉ። ያገኘውን የሚመታ ሕዝብ ልጆች ነን። ሳጥኑ በዚህ ሰልፍ መጨረሻ ላይ የቆመ አንድ ወንድም ነው።

ከበሮ ያላችሁ፣ ፀሐይ የምታሞቁበት ግቢ ያላችሁ፣ ጎረቤታችሁ ሁለት አጥር ርቆ የሚኖር፣ ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ ብትተዉት አንቀየማችሁም። ሂዱና ምቱ። እኛ የምናወራው ለተከራዩት፣ ግድግዳቸው ችፑድ ለሆነው፣ ምድጃ ለሌላቸው፣ ቆዳ በክረምት ለሚላላባቸው ነው። የሳጥን ፊት እንጨት ነው፤ እሳት አያሻውም። ድምፁም ከከበሮ ይለሰልሳል። ማይክ ከሌለው ክራር ጋር በአንዲት ክፍል ውስጥ ተስማምቶ ያድራል። ከተመታ በኋላም ወንበር ነው!

ሦስተኛውን ነገር በአክብሮት እንናገረው። “ከበሮ የቤተ ክርስቲያን ነው፣ ለጨዋታ አታውርዱት” የሚሉን አሉ። የማኅሌቱ ከበሮ ለብቻው ነው። ሰፊው አፉ መለኮቱን፣ ጠባቡ ትስብእቱን፣ የሚጠላለፈው ጠፍር የግርፋቱን ሰንበር እንደሚያመለክት ከልጅነታችን ተምረናል፤ እዚያ ላይ እጃችንን የምናነሣ አይደለንም። የሰርጉ ከበሮ ግን ሌላ ነው፣ ሁልጊዜም ሌላ ነበር። ሳጥንማ ጭራሽ ይህ ክርክር አይነካውም። እንዲያውም ይህ ለሳጥኑ የተጨመረለት ምስክርነት ነው።

ተሸወድን፣ ከዚያ ተማርን

አሁን ወደ ሥራው። ሳጥን ስትመርጡ እኛ የተሸወድነውን አትሸወዱ።

መጀመሪያ ወደ አንድ አናጢ ሄድን። “ሳጥን እንፈልጋለን” አልነው። “ምን ይቀመጥበታል?” አለን። “ሰው” አልነው። ሰውዬው አማተበ! አስረድተን እስክንጨርስ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። በመጨረሻ የሠራልን ሳጥን ያምራል፣ ይብረቀረቃል፣ ግን ፊቱም ጎኑም ጀርባውም ወፍራም ችፑድ ነው። ስንመታው በር ማንኳኳት ይመስላል። እውነታችንን ነው፤ በመታን ቁጥር የጎረቤታችን በር ይከፈትና “ማነው?” ይላሉ። ያ ሳጥን ዛሬ ሽንኩርት ይቀመጥበታል።

ጥፋቱ የአናጢው አይደለም፤ የምንፈልገውን አላወቅንም ነበር። ሁለተኛውን ስናሠራ አውቀን ሄድን። እናንተም ይህን ይዛችሁ ሂዱ፦

ቁመቱ ከ45 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር፣ ወርዱና ጥልቀቱ 30 ገደማ ይሁን። ቁጭ ስትሉበት ጉልበታችሁ አገጫችሁ ጋ ከደረሰ አጥሯል፣ እግራችሁ ከተንጠለጠለ ረዝሟል። ጎኖቹ፣ ላዩና ታችኛው 12 ሚሊ ሜትር የሚሆን ጠንካራ ጣውላ ወይም ኮምፔንሳቶ ይሁኑ፤ ሰው ይቀመጥባቸዋልና። የሚመታው ፊት ግን ስስ ይሁን፣ 3 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ወፍራም ፊት አይርገበገብም፣ ያልተርገበገበ ደግሞ አይዘፍንም። ችፑድ የተባለ ነገር ለፊት አይደርስ፤ ድምፅ ይውጣል፣ ጠርዙም ይፈረፈራል። ባሕር ዛፍ ርካሽ ነው፣ ግን ሲደርቅ ይጣመማል።

ጀርባው ላይ ከ10 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ ክብ ቀዳዳ ይውጣ፤ ወፍራሙ ድምፅ መውጫ ያስፈልገዋል። ጎኖቹ በኮላ ይጣበቁ፣ ክፍተት አይኑር። ፊቱ ግን በብሎን ብቻ ይታሰር፤ የላይኞቹ ሁለት ማዕዘኖች ብሎን ትንሽ ሲላላ ጠርዙ ላይ “ጣ!” የሚል ጥርት ያለ ድምፅ ይወጣል። ከሥር አራት የጎማ እግር ይደረግለት፤ አለዚያ የሚጮኸው ሳጥኑ ሳይሆን ወለሉ ነው።

ስለ ሽቦው ጠብ አለብን። ፋብሪካ የሚሠራቸው ብዙዎቹ ከፊቱ ጀርባ የሚያንሿሽ ሽቦ ወይም የጊታር ክር ይወጠርባቸዋል፤ “ጭስ ጭስ” ይላል። ከጊታርና ከክራር ጋር ጥሩ ነው። ከማሲንቆ ጋር ግን አይሆንም እንላለን! ማሲንቆ ራሱ ሻካራ ድምፅ ያለው መሣሪያ ነው፤ ሁለት ሻካራ በአንድ ክፍል ሲገናኙ የዘፋኙ ቃል መሃላቸው ይጠፋል። በኛ ዘፈን ደግሞ ቃሉ ከጠፋ ምን ቀረ? ሰሙም ወርቁም አብሮ ሄደ። ስለዚህ ሽቦው የሚነቀል ይሁን፣ ካልሆነም ጭራሽ አይኑር።

የተሠራ የምትገዙም ካላችሁ በቀለሙና በጽሑፉ አትማረኩ። ቁጭ በሉበት። መሃሉን ምቱት፤ “ዱም” ብሎ ደረታችሁ ውስጥ ይገባል? የላይኛውን ጠርዝ በጣታችሁ ምቱት፤ “ጣ” ብሎ ከመጀመሪያው ተለይቶ ይሰማል? ሁለቱ ድምፆች አንድ ዓይነት ከሆኑ ተነሡና ሂዱ። ከዚያ በጣት ጫፍ ብቻ፣ ሕፃን እንዳይነቃ ያህል ንኩት፤ በቀስታ ሲነካ የማይናገር ሳጥን ለቤት አይሆንም። መጨረሻ ላይ ጓደኛችሁ ፊት ለፊት ቆማ ትስማ፤ መቺው ከላይ የሚሰማውና አድማጩ ከፊት የሚሰማው አንድ አይደለም። ይቻላል ከተባለም አጠገቡ ዝፈኑ። ቃሉ ከተሰማ ሳጥኑ ጥሩ ነው። ሌላ ፈተና የለም።

አመታቱ

ቁጭ በሉ፣ ሳጥኑን በትንሹ ወደ ኋላ ዘንበል አድርጉት፣ እግራችሁን ከፈት። (እናቶቻችን ይቅር ይበሉን፤ ነጠላ ጣል ማድረግ ይቻላል።) የተቀመጣችሁበት ላይ እጥፍ ባና አድርጉ፤ የመንዝ ሱፍ ለብርድ ብቻ አልተሠራም። ክፍሉ ባዶና የሚያስተጋባ ከሆነ ወለሉ ላይ ዝተት ዘርጉ፤ ጩኸቱን ይውጠዋል። ይህን ያወቅነው ከሞላሌ የድንጋይ ቤት ነው። ያልተነጠፈ ድንጋይ ቤት ውስጥ ጭብጨባ እንኳ ጆሮ ይሰብራል፤ ባናና ዝተት የሞላው ቤት ግን ዘፈኑን ሰብስቦ ይይዘዋል።

ችክችካውን በስድስት ቁጠሩት። ከባዱን መሃል ላይ ለአንድ ስጡ፣ ጥርት ያለውን ጠርዝ ላይ ለአራት። የቀረውን ጣታችሁ በቀስታ ይሙላው። ሌላው ሰው ያጨብጭብ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሳትቆጥሩ እየመታችሁ ራሳችሁን ታገኙታላችሁ፤ ትከሻችሁም ሳትጠሩት ይመጣል። ለባቲና ለአምባሰል ምቱን አለዝቡ። ትዝታ ሲመጣ ደግሞ ከጣት ጫፍ አትለፉ፤ እንዲያውም አንዳንዴ እጃችሁን ጭናችሁ ላይ አሳርፉና ስሙ። አስናቀች ወርቁ በድምፅና በክራር ብቻ ስንት ነገር እንደተናገረች ለሚያውቅ፣ ከበሮ በሁሉም ቦታ መግባት እንደሌለበት ይገባዋል። እኛም በመጀመሪያው ወር ሁሉንም ዘፈን እየደበደብን አስለቅሰናል። ጎረቤታችን ናቸው የመከሩን፦ “ልጆች፣ ስትመቱ ደስ ይላል፤ ስትተዉት ደግሞ ይበልጥ ደስ ይላል።” ስድብም ምክርም ነው፣ ሁለቱንም ተቀብለናል።

ለምን ይህን ያህል አበዛችሁት?

“በዚህ ዘመን ከሳጥን ሌላ የሚያሳስብ ጠፋ?” ላላችሁን መልሳችን አጭር ነው። በዚህ ዘመን ስለሆነ ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ክልላችን ጦርነት ገባበት። በ2016 ዓ.ም. ጥር ሌላዋ የአክስታችን ልጅ ስታገባ እኛ ሞላሌ መሄድ አልቻልንም፤ መንገዱ አላስኬደንም። ዳስ አልተጣለም፣ ሞንታርቦ አልጮኸም፤ ቤት ውስጥ፣ በር ተዘግቶ፣ በጊዜ ተጋብተው በጊዜ ተለያዩ። ኦርጋኑ የት ነበር? አልመጣም። እትዬ ግን ነበሩ። በከበሮው ላይ ጋቢ ጣል አድርገው፣ ድምፁ ከግቢው እንዳያልፍ በጣታቸው ብቻ መቱላት አሉ። ሙሽሪት ያለ ዘፈን አልወጣችም።

አዲስ አበባስ? ለዓመታት ካዛንቺስ የነበረው ፈንድቃ አዝማሪ ቤት እንኳ እ.ኤ.አ. በ2024 ሠፈሩ ሲፈርስ ከቆየበት ቦታ ተነሥቷል። አዳራሽ ይፈርሳል፣ መንገድ ይዘጋል፣ መብራት ይጠፋል፣ ቤንዚን ያልቃል። ከሰው ጋር የሚቀረው እጁ ነው። ሙዚቃውን ሁሉ ለማሽንና ለአዳራሽ አስረክቦ የተቀመጠ ሕዝብ፣ እነሱ ሲሄዱ ዝም ይላል። እኛ ያን ዝምታ በዓይናችን አይተነዋል፤ ሁለት መቶ ሰው በጨለማ ቆሞ ቤንዚን ሲጠብቅ። ሁለተኛ ማየት አንፈልግም።

ባለፈው እትዬ ለሕክምና አዲስ አበባ መጥተው እኛ ጋ አረፉ። ሳጥኑን አልጋ ሥር አይተው “ይኼ የማነው?” አሉ። አሳየናቸው። ዞር ዞር አድርገው አዩት፣ በጉልበታቸው ተንበርክከው ጀርባውን ቀዳዳ በጣታቸው ለኩ፣ ከዚያ ቁጭ አሉበት። መጀመሪያ በአንድ እጅ። ቀጥሎ በሁለት። እኛ ሦስት ወር የታገልነውን ምት በሦስት ደቂቃ አገኙት! ክራሯ ተነሣች፣ ጎረቤታችንም በሩን ከፈቱ፤ የዚያን ቀን ግን “ማነው?” አላሉም፣ ስኒያቸውን ይዘው ገቡ።

ሲጨርሱ እትዬ መዳፋቸውን አዩት። ቀልቷል። “ከበሮስ አይደለም” አሉ፤ የባህል ጠባቂዎቹን ደስ ይበላቸው። ቀጠሉና “ግን እጅ ያሠራል።”

እኛም ከዚህ የተሻለ መደምደሚያ የለንም። ስለዚህ ወዳጆቻችን፣ ከበሮ ያላችሁ ከበሯችሁን ከጥግ አውጡ። የሌላችሁ ሳጥን አሠሩ፣ አናጢው ቢያማትብም ታገሡት። ሁለቱንም ያጣችሁ ጀሪካኑን ገልብጡ። ለሚቀጥለው ሰርግ ኦርጋን የምትከራዩም ተከራዩ፤ ብቻ ከበሮ ያነገተች እናት ወደ መሃል ስትመጣ “ማዘር፣ ይረብሽብኛል” የሚል ሰው እንዳይኖር አስቀድማችሁ ንገሩት። የሚረብሸው ማን እንደሆነ እኛ እናውቃለንና!

ቸር ይግጠመን።